ሁለት ቀልብ በአንድ ራስ

በ2081 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ የሚፈተን ተማሪ የለም። ፈተና ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የማንኛውም ጥያቄ መልስ ከየግድግዳው የሚሰማ ከሆነ፣ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደምታውቅ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ተባለና ቀረ። አሁን የሚለካው ቀልብ ነው። የዓመቱ አማካይ ቀልቡ ሰባና ከዚያ በላይ የሆነ ተማሪ አሥራ አንደኛ ክፍል ይገባል። ከሰባ የወረደው ከቦርከና ማዶ ወዳለው የመለያ ጣቢያ ይላክና የተጣሉ ባትሪዎችን በየዓይነታቸው ሲለይ ይውላል። ጣቢያው ክፉ ቦታ አይደለም፤ ምሳ አለው፣ ጓንትም ይሰጣል። ከዚያ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰ ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም።

የቁጥር አሥራ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ስሙ ከተጻፈበት ኪስ ውስጥ መለኪያውን ያወጣና ከጆሮው ጀርባ ይለጥፋል። ባቄላ የምታክል ጥቁር ነገር ናት። በመመሪያው ላይ ስሟ «የተሳትፎ መለኪያ» ነው፤ ከትምህርት ቢሮ ሰዎች በቀር እንዲያ ብሎ የሚጠራት የለም። ልጆቹ መዥገር ይሏታል። ስትጣበቅ ትንሽ ትቆነጥጣለች፣ ከዚያ በኋላ መኖሯም ይረሳል።

ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ነው። በጎኑ ባለው ግድግዳ ላይ የስልሳ ተማሪዎች ስም ይደረደራል፤ ቀልቡ የተሰበሰበ አረንጓዴ፣ የዋለለ ቢጫ፣ የጠፋ ቀይ ሆኖ ይታያል። መምህር አደፍርስ የአሥረኛ «ለ» ስም ጠሪ ናቸው። ስም ጠሪ ይባላሉ እንጂ ስም ጠርተው አያውቁም፤ እሱን መዥገሯ ትሠራዋለች። የእሳቸው ሥራ በዴስኮቹ መካከል መመላለስና ስሙ የቀላ ልጅ ጋ ሲደርሱ ዴስኩን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው «ቀልብ!» ማለት ነው። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይተዋል። የክፍላቸው አማካይ ከሰማንያ እስካልወረደ ድረስ ሃያኛውን የሚከለክላቸው አልነበረም።

ዘምዘም እንድሪስ የዚህ ክፍል ኩራት ነበረች። ቀልቧ ዘጠና ሦስት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የእናቷ የሉባባ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ መርፌው ሲወጣና ሲወርድ ስታይ መዋል የለመደች ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ላይ ዓይኗን ከጣለች እንደ ኩሬ ውሃ ትረጋለች። አዋላጅ መሆን ትፈልጋለች። ሰው የሚፈለግባቸው ሥራዎች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ቀርተዋል፤ አዋላጅነት አንዱ ነው። ለዚያ አሥራ ሁለተኛን መጨረስ ግድ ይላል፣ አሥራ ሁለተኛን ለመጨረስ ደግሞ አሥራ አንደኛ መግባት። በዘጠና ሦስት ቀልብ ይህ ሁሉ ያለቀ የደቀቀ ነገር ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ከአንዲት ልጅ በቀር ማንም አያውቀውም። ዘምዘም ግድግዳው የሚለው ነገር አይገባትም። ታየዋለች፣ ትሰማዋለች፣ አረንጓዴ ሆና ትውላለች፤ ስትወጣ ባዶ ናት። የዘምዘም ትምህርት የሚጀምረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ከረውዳ ጋር ሲያያዙት ነው።

ረውዳ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠች የልብ ጓደኛዋ ናት። የሷ ጉድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሁሉም ነገር ይገባታል። ዳገቱን እየወጣች፣ በእጇ አየር ላይ እየሣለች፣ ድንጋይ እየመታች፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ሲለፈልፍበት የዋለውን በሩብ ሰዓት ታስረዳለች። መዥገር ግን ይህን ሁሉ አታይላትም። የረውዳ ቀልብ ሃምሳ ስምንት ነው።

«ቆይ፣ ምን ብታደርጊ ነው?» አለቻት ረውዳ አንድ የጥቅምት ቀን፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆማ። ዓይኗ አብጧል። «ግድግዳውን እያየሽ ስትቀመጪ ምን ታስቢያለሽ?»

«ምንም።»

«ወላሂ ምንም?»

«ግድግዳውን አያለሁ፣ በቃ።»

«ያ ረቢ! እኔ እኮ ስለ ጨው ሲያወራ አፋር ወርጃለሁ። እዚያ ግመሉን አገኛለሁ። ከዚያ የግመል ጉልበት ምን አወፈረው እላለሁ። ስመለስ ስሜ ደም መስሎ ይጠብቀኛል።» እንባዋን በሒጃቧ ጫፍ ጠረገች። «ሰኔ ላይ መላኬ ነው፣ ዘሙ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።»

ሐሳቡን ያመጣችው ዘምዘም ናት። ይህን በኋላም አልካደችም።

«ወንፈል እንግባ» አለች።

«የምን ወንፈል?»

«አንቺ ታስረጂኛለሽ አይደል? እኔ ደግሞ ቀልብ እሰጥሻለሁ። ዛሬ ላንቺ ነገ ለኔ። አያቶቻችን በእርሻ ያደርጉት የለ?»

ነገሩ ቀላል ነበር። ረውዳ መዥገሯን በር ላይ እንደማንኛውም ሰው ለጥፋ ትገባለች። መጸዳጃ ቤት ደርሰው ሲወጡ የረውዳ መዥገር ከዘምዘም ግራ ጆሮ ጀርባ፣ የዘምዘም የራሷ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ሆነው በሒጃብ ተሸፍነዋል። መዥገር የማን ራስ ነው ብላ አትጠይቅም። የሴት ልጅ ሒጃብ ገልጦ የሚያይ ሰው ደግሞ ደሴ ውስጥ በዚያ ዘመንም አልነበረም። ረውዳ ነፃ ጆሮዋን ይዛ አፋር ትወርዳለች፣ ግመሏን ትጠይቃለች፤ ስሟ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይውላል።

ቢታወቅስ? እሱንም ተማክረዋል። ሁለቱም አንድ ቃል ይናገራሉ፤ «በር ላይ ተቀያይሮብን ነው።» ከመጣም ለሁለቱም ይምጣ። እጅ ለእጅ ተመታትተው «ወላሂ» ተባባሉ፤ ረውዳ ሁለት ጊዜ አለችው።

በጥር የረውዳ ቀልብ ሰማንያ ሁለት ገባ። የዘምዘም ወደ ሰማንያ አራት ወረደ፤ ሁለት መዥገር አንድ ራስ ላይ መሸከም የራሷን ግራ ጎን ይወቅራት ጀመር። ለእናቷ ብርድ መታኝ ብላ ሻሽ ታስርበታለች። አልከፋትም። እንዲያውም ደስ ይላት ነበር። ስሞቻቸው ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን አረንጓዴ ሆነው ስታይ፣ በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ የሠራችው እውነተኛ ሥራ እሱ ብቻ ይመስላታል።

መምህር አደፍርስ አንድ ጊዜ አይተዋል። ኅዳር ላይ ነው። ዘምዘም ጎንበስ ስትል ሒጃቧ ወደ ኋላ ሸሸና ሁለቱም ጆሮዎቿ ታዩ። ቀና ስትል መምህሩ አጠገቧ ቆመዋል። እሳቸው የክፍሉን አማካይ ወደ ላይ ቀና ብለው አዩ፤ ሰማንያ አንድ ይላል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሒጃብሽን አስተካክዪ» ብለዋት አለፉ። የዚያን ቀን ዳገቱን የወጡት ሁለቱም መምህር አደፍርስን ሲመርቁ ነው። ረውዳ «ይሄ ነው ሰው!» አለች።

ሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለቱ ከበር ላይ ተጠሩ። መዥገራቸውን ከኪሱ ሳያወጡ ነው የተጠሩት።

የወሰዷቸው ድሮ ቤተ መጻሕፍት ወደነበረው ክፍል ነው። መደርደሪያዎቹ አሁንም አሉ፤ ባዶ ናቸው። ከክፍለ ከተማው የመጡት ሱፐርቫይዘር ወይዘሮ ሶልያና ፈገግታ የማይለያቸው፣ ሰውን «የኔ ቆንጆ» እያሉ የሚያናግሩ ሴት ናቸው። ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር አሳዩ፤ አንዱ የዘምዘም፣ አንዱ የረውዳ። ከጥቅምት ወዲህ ሁለቱ መስመሮች እኩል ወጥተው እኩል ይወርዳሉ፤ ከዚያ በፊት ያለው የየቀኑ መዝገብ በደንቡ መሠረት ተደምስሷል። ውጭ አምቡላንስ ሲያልፍ እኩል ይደነግጣሉ፤ ምሳ ሰዓት ሲቀርብ እኩል ይራባሉ።

«ይህ የአንድ ሰው ቀልብ ነው» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። «የማንኛችሁ እንደሆነ ብቻ ነው የምንፈልገው። ባለቤቷ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፣ ታልፋለች። በሌላ ሰው ቀልብ ስትጠቀም የኖረችው ግን ዓመቷ ይሰረዛል። አንድ በአንድ እናነጋግራችሁ፤ ረውዳ ትቅደም።»

ዘምዘም በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አልፈራችም። የተማማሉበትን ቃል በልቧ ደጋገመችው። ባለቤቷን መለየት ካልቻሉ ሁለቱንም ሊልኩ እንደሚችሉ ገብቷታል፤ እንዲያ ከሆነም ባትሪውን ጎን ለጎን ሆነው ይለያሉ፣ ረውዳም ስለ ባትሪ ታስረዳታለች። ይህን ስታስብ ሣቋ መጣ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ረውዳ ወጣች። ዘምዘም ቀና ብላ ዓይኗን ፈለገችው። ረውዳ ሒጃቧን እያስተካከለች፣ መሬት መሬት እያየች፣ እንደማታውቃት ሆና አለፈች። ጎበዝ፣ አለች ዘምዘም በልቧ፤ ማስመሰሉን ታውቅበታለች።

ገብታ ተቀመጠች። መምህር አደፍርስ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል።

«እሺ የኔ ቆንጆ፣ ንገሪኝ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

«በር ላይ ተቀያይሮብን ነው።»

ሴትዮዋ ፈገግታቸው አልጠፋም፤ እንዲያውም የሐዘኔታ መልክ ያዘ። «እንዲህ እንደምትዪ ጓደኛሽ ነግራናለች። ‹በር ላይ ተቀያይሮብን ነው ትላችኋለች፣ እኔንም አስጠንታኛለች› ነው ያለችው፤ ቃል በቃል። ስታለቅስ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ሁለቱንም እሷ ስታደርግልሽ እንደቆየች፣ ፈርታሽ ዝም እንዳለች ሁሉን ነገረችን።»

ዘምዘም የሰማችውን ወዲያው አልተረዳችውም። ቃላቱ አንድ በአንድ ነው የገቡት።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያደረግኩላት። በግራዬ የሷን፣ በቀኜ የኔን...» ድንገት ወደ መስኮቱ ዞረች። «ቲቸር! እርስዎ አይተውኛል እኮ! ኅዳር ላይ፣ ሒጃቤ ሲንሸራተት። ሒጃብሽን አስተካክዪ አሉኝ!»

«መምህር፣ ያስተዋሉት ነገር አለ?» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

መምህር አደፍርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የማየው ቀለሙን ነው» አሉ። «ቀለሙ ደህና ነበር።»

«ቲቸር!»

«ሒጃብሽን አስተካክዪማ ለሁሉም ሴት ተማሪ የምለው ነው።» ይህን ሲሉ የተመለከቱት ባዶውን መደርደሪያ ነበር።

«ለምን እንጨቃጨቃለን?» አሉ ወይዘሮ ሶልያና በለሆሳስ። «መለኪያው እያለ። ጓደኛሽን ቅድም ለክተናታል። አሁን አንቺን እንለካና እውነቱ ራሱ ይናገር።»

መዥገሯን ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ለጠፉላት። ቆነጠጠቻት። ግድግዳው ስለ ጉበት ሥራ የሚያስረዳ የሰባት ደቂቃ ትምህርት ጀመረ። ዘምዘም ይህን ነገር ታውቅበታለች፤ በሕይወቷ እርግጠኛ የሆነችበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ዓይኗን ጉበቱ ላይ ተከለች። ጉበቱ ደም ያጣራል። ስታለቅስ ነበር አሉ። ጉበቱ ስኳር ያስቀምጣል። አስጠንታኛለች። ወላሂ ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። ምንድን ነው ጉበቱ የሚያስቀምጠው? እርጊ፣ እርጊ፣ አለች ራሷን። በሕይወቷ ፈልጋ የማታውቀውን ያህል መርጋት ፈለገች፤ ግን ከውስጧ የሆነ ነገር ተነቅሎ ሄዷል፣ ብትጠራውም አይመለስም። ያመማት ዓመቷ ሊሰረዝ መሆኑ አልነበረም፤ እሱ ገና አልደረሳትም። ረውዳ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዘምዘም በረንዳው ላይ ሣቋ እየመጣ በነበረበት ሰዓት፣ ቃሏን አንድ በአንድ አሳልፋ መስጠቷ ነው።

ሰባቱ ደቂቃ አለቀ። ዘምዘም ሠላሳ አንድ አመጣች።

ረውዳ ዘጠና አራት አምጥታ ነበር። በሕይወቷ ከስልሳ በላይ አምጥታ የማታውቀው ልጅ፣ ውሸቷ እንዳይገለጥ እየተንቀጠቀጠች ለሰባት ደቂቃ ጉበትን ብቻ አየች። ፍርሃት ቀልብ ይሰበስባል፣ ክህደት ይበትናል። ይህን የሚል አንቀጽ ግን በመመሪያው ውስጥ የለም፤ ወይዘሮ ሶልያናም ክፉ ሴት አልነበሩም፤ በቅን ልቦና ነው የፈረሙት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ያን ቀን ከቀትር በፊት የዘምዘም ስም ከግድግዳው ላይ ወረደ። ስልሳ የነበሩት ስሞች ወደ ላይ ተጠጋግተው ክፍተቱ ጠፋ። የክፍሉ አማካይ ሰማንያ ሦስት ነበር።

ሉባባ የስፌት መኪናዋን አቁማ ልጇን እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለችና ነጠላዋን አንስታ ወደ ረውዳ እናት ቤት ልትሄድ ተነሣች። ዘምዘም እግሯ ላይ ወደቀች። «አትሂጂ። እኔ ነኝ ብላ ራሷ ትናገራለች። ትንሽ ጊዜ ስጫት፣ እማ። ደንግጣ ነው።» ሉባባ ተቀመጠች። ዘምዘም የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ በሩን ስታይ አሳለፈች። በሁለተኛው ሳምንት የጣቢያው መኪና መጥቶ ወሰዳት።

ለሥራው ሰነፍ አልነበረችም። ጠዋት ትሄዳለች፣ ጓንት ታጠልቃለች፣ ማታ ትመጣለች። እዚያ ቀልብ የሚለካ የለም። ዳገቱን ስትወጣ ብቻዋን ናት፤ የምታስረዳት ስለሌለች የመንገዱን ርዝመት ያኔ ነው ያወቀችው።

ሰኔ ገባ። ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ሰው ሁሉ «አፉ በለኝ፣ አፉ በይኝ» እየተባባለ ቂሙን በሚያራግፍበት በዚያ ጊዜ፣ ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ረውዳ ናት። በእጇ ተምር የያዘ ከረጢት አንጠልጥላለች። ከስታለች። ሉባባ ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻትና ተመለሰች፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ግን አልቀጠለም።

ረውዳ እንድትቀመጥ አልተጋበዘችም፤ ቆማ ነው የተናገረችው።

«አፉ በይኝ፣ ዘሙ።»

ዘምዘም እጇን አጣምራ የበሩን መቃን ተደገፈች።

«ላላደርገው ነበር የገባሁት። ወላሂ ላላደርገው ነበር። ሴትዮዋ ባለቤቷ ታልፋለች ሲሉ... እናቴ ትዝ አለችኝ። አፌ ነው የተናገረው።»

«የኔስ እናት?»

«እሷማ...» ረውዳ ከረጢቱን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዘዋወረች። «አንቺ ትምህርቱ አይገባሽም ነበር እኮ። እኔ ይገባኛል። ከሁለታችን አንዳችን መቅረት ካለብን ብዬ ነው።»

ይህች ልጅ መዋሸት ስትተው እንዲህ ናት። ዘምዘም ሰባት ሳምንት ሙሉ ሰበብ ስትፈልግላት ነው የከረመችው፤ ደንግጣ ነው፣ አስፈራርተዋት ነው፣ ተታላ ነው። አስባበት እንደሆነ አንድም ቀን አልጠረጠረችም።

«ታዲያ ምን ልትይ መጣሽ?»

«አልተኛ አልኩ። ክፍል ስቀመጥ አንቺ ነሽ የምትታዪኝ። ግመሉም የለም፣ አፋርም የለም፣ አንቺ ብቻ። ስሜ ሲቀላ ይውላል።» ድምጿ ቀጠነ። «የዓመቱ አማካይ ሰባ ከነጥብ ቀርቶኛል። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ነው። አማካሪዋ ዘንድ ልከውኝ፣ የተጣላሽው ሰው ካለ ታረቂ፣ ያኔ ቀልብሽ ይረጋል አለችኝ። አፉ በይኝና ይውጣልኝ። ለአረፋ እንኳ።»

ዘምዘም ለረጅም ጊዜ አየቻት። ያንኑ ድሮ ግድግዳውን የምታይበትን አስተያየት ነው ያየቻት፤ ያኔ ግን ምንም አታስብም ነበር።

«ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው» አለች። «ከዚያ ተመለሺ። አፍሽን ሳትከፍቺ አፉ እልሻለሁ።»

«ያኔማ እኔም መላኬ ነው።»

«እንዲያ ብለን ነበር የተማማልነው። ከመጣ ለሁለታችንም ይምጣ ብለን።»

ረውዳ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። የምታስብ ትመስል ነበር፤ ምናልባትም አስባለች። ከዚያ ተምሩን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ዳገቱን ወረደች። አልዞረችም።

ሉባባ ከጓዳ ወጣች። ሁሉን ሰምታለች። ስትናደድባት የከረመችውን ልጅ ስታይ አዝናላታለች፤ ሰው ደጅ ድረስ መጥቶ አፉ በሉኝ ሲል መከልከል ደግሞ እሷ ባደገችበት ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

«ኧረ ልጄ፣ ምነው?» አለች። «ለአረፋ እኮ ነው። ያንቺ ነገር እንደሆነ አልፏል፣ አይመለስ። አፉ ብያለሁ ብትያት ምን ይቀርብሻል?»

ዘምዘም ሰባት ሳምንት ያላነባችው እንባ ያን ጊዜ መጣ።

«አፉ ካልኳት ቀልቧ ይረጋላ፣ እማ» አለች። «ነገ ጠዋት ትረሳኛለች።»